13 ለ 10 ለመሸነፉ ጥፋተኛው ማን ነው? ስለ ኦሃዮ ስቴት ኦፌንስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮሎምበስ ነው። ልጄ ኦሃዮ ስቴት ይማራል፣ ወንድሜም እዚሁ ከተማ ነው። የኦሃዮ ስቴት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በ2024 በሚሺጋን 13 ለ 10 ሲሸነፍ ልጄ ‹ኦፌንሱ ነው ጉድ የሠራን› አለ። ወንድሜ ደግሞ ‹ሁለት ምት የሳተው ልጅ ነው› ብሎ ሙጭጭ አለ። በ2025 መጨረሻ በኢንዲያና እንደገና 13 ለ 10 ሲሸነፉ ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ጀመረ። እኔ ጨዋታውን ብዙም አላውቀውም፣ ግን ሁለቱ ተኮራርፈው ማየት ሰልችቶኛል። የቱ ነው ልክ?»

ምላሽ፦ በ2024ቱ ጨዋታ ልጅዎ ልክ ነው። ግን «ኦፌንሱ መጥፎ ነበር» ማለቱ ከሆነ አልስማማም። ያ ኦፌንስ መጥፎ አልነበረም። በሰው ኃይል ከታየ አገሪቱ ውስጥ ከነበሩት ምርጦች አንዱ ነበር። ችግሩ ያን ቀን እንዲሠራ የታዘዘው ሥራ ነው። ይህን ለይተን ካላየን ክርክሩ በየዓመቱ ከሚሺጋን ጨዋታ በኋላ ይመለሳል።

ጨዋታውን ብዙም አላውቀውም ስላሉ ከመሠረቱ ልነሳ። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ አለው። በነዚያ አራት ሙከራዎች 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከቻለ ሌላ አራት ይሰጠዋል። ካልቻለ ኳሱ ለተቃራኒው ይሄዳል። ወደ ጎሉ ከተጠጋ በኋላ መግፋት ካቃተው ኳሱን በእግር አስመትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ለማሳለፍ ይሞክራል። ፊልድ ጎል የሚባለው ይሄ ነው፣ 3 ነጥብ ያስገኛል። ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ከጎሉ መስመር ማዶ ማድረስ፣ ግን ከተጨማሪ ምቱ ጋር አብዛኛውን ጊዜ 7 ነው። ኳሱ የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው፦ ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር። ኦፌንስ የሚባለው ይህን የሚሠራው የ11 ሰው ቡድን ነው፣ የሚከላከለው ደግሞ ዲፌንስ ይባላል። የቱን መቼ እንደሚሠራ የሚያዝዘው ደግሞ አሰልጣኙ ነው። አብዛኛው የደጋፊ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ከዚያ ትዕዛዝ ነው።

አሁን ወደ ኖቬምበር 30 ቀን 2024 እንሂድ። ኦሃዮ ስቴት በራሱ ሜዳ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፊት ነው የሚጫወተው። በደረጃ ሰንጠረዡ 2ኛ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው፣ እሱም ኦሪገን ላይ 32 ለ 31፣ በአንድ ነጥብ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ ለዚያ ዓመት ተጫዋቾች ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣ በይፋ ተናግረዋል። ሚሺጋን በበኩሉ 6 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነው የመጣው። ምርጥ ኮርነርባኩ፣ ማለትም ዳር ላይ ያሉትን ኳስ ተቀባዮች የሚከላከለው ዊል ጆንሰን፣ በጉዳት የለም። ዋናው ኳስ ተቀባዩ ኮልስተን ላቭላንድም የለም። አቋማሪዎቹ ኦሃዮ ስቴት በ20 ነጥብ ገደማ ያሸንፋል ብለው ነበር።

ሚሺጋን ያን ቀን በውርወራ ያገኘው 62 ያርድ ብቻ ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው ዴቪስ ዋረን፣ ሁለት ጊዜ ኳሱን ለኦሃዮ ስቴት ተከላካዮች አስረክቧል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ይሸነፋል ብሎ የሚገምት ሰው የለም። ከሚሺጋን 13 ነጥቦች ውስጥ ሰባቱ እንኳ የመጡት የኦሃዮ ስቴቱ ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ የወረወረው ኳስ ተጠልፎ እስከ ጎሉ መስመር አፍ ድረስ ስለተመለሰ ነው። ከዚያ የሚሺጋኑ ሯጭ ኬሌል ሙሊንግስ ከአንድ ያርድ ላይ አስገባት። ዲፌንሱ ሥራውን ሠርቷል። ይሄ ላይ የሚከራከር ሰው ካለ ጨዋታውን ደግሞ ይየው።

ኦፌንሱስ? 10 ነጥብ። ከዕረፍት በኋላ ዜሮ። ሙሉ ሠላሳ ደቂቃ፣ ዜሮ።

እዚህ ጋ ቁጥሩን እንየው። ኦሃዮ ስቴት 26 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 77 ያርድ ነው። በአማካይ ለአንድ ሩጫ 3 ያርድ እንኳ አይሞላም። በአራት ሙከራ 10 ያርድ ለሚያስፈልገው ቡድን ይሄ አያዋጣም። ቁጥሩ ብቻውን ግን አያናድድም፣ የሚያናድደው የሩጫው አቅጣጫ ነው። ከነዚያ ሩጫዎች ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ መሀል ነበሩ። መሀል ላይ ማን ነው የቆመው? ሜሰን ግራምና ኬኔት ግራንት። ሁለቱም ከአምስት ወር ገደማ በኋላ በኤንኤፍኤል ድራፍት፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ሊጉ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ በመጀመሪያ ዙር ተመርጠዋል። ግራም 5ኛ ሆኖ ክሊቭላንድ ሄደ፣ ግራንት 13ኛ ሆኖ ማያሚ። ሚሺጋን በዚያ ዓመት ከማንም ቡድን ጋር ሲወዳደር የሚበልጥበት አንድ ቦታ ቢኖር ያ ነበር። ኦሃዮ ስቴት ያለውን ሁሉ ይዞ ሄዶ የተላተመው እዚያው ላይ ነው።

በሌላ በኩል የኦሃዮ ስቴት የፊት መስመር፣ ማለትም ለሯጩ መንገድ የሚከፍቱት ታክሎች፣ ጋርዶችና ሴንተር፣ የተጎዳ ነበር። የግራ ታክሉ ጆሽ ሲመንስ ኦክቶበር ላይ ኦሪገን ሜዳ ጉልበቱ ተጎድቶ ከውድድር ዓመቱ ወጣ። ሴንተሩ ሴት ማክላፍሊን ከሚሺጋኑ ጨዋታ ጥቂት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ዶኖቫን ጃክሰን ከጋርድነት ወደ ግራ ታክል ተዛወረ፣ ሌሎቹም ቦታ ተቀያየሩ። እነዚህ ሰዎች ስማቸው በቴሌቪዥን ብዙ አይጠራም፣ ግን ሩጫን ሩጫ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሴንተርዎ ተቀይሮ፣ ጋርድዎ ታክል ሆኖ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ግራምና ግራንት ቆመው፣ «በመሀል እንግፋ» ብሎ መወሰን ለእኔ ሊገባኝ ያልቻለ ነገር ነው።

ዳር ላይ ያሉትስ? ጄረማያ ስሚዝ፣ ኤሜካ ኤግቡካ፣ ካርኔል ቴት። ስሚዝ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ሳለ ከአገሪቱ ምርጥ ኳስ ተቀባዮች ጋር ይቆጠር ነበር። ኤግቡካ በዚያው ድራፍት በመጀመሪያው ዙር ታምፓ ቤይ ወሰደው። ከነሱ ፊት ለፊት የሚሺጋን ምርጥ ኮርነርባክ የለም፣ ልብስ ለውጦ ተቀምጧል። ስሚዝ ያን ቀን የያዘው በድምሩ 35 ያርድ ነው። ከዕረፍት በፊት አንድ ታችዳውን አገባ፣ 10 እኩል አደረጋቸው፣ ከዚያ በኋላ ቡድኑ አንድም ነጥብ አላየም።

ታዲያ ለምን? አሰልጣኙ ራያን ዴይ ሞኝ አይደለም፣ አስተባባሪው ቺፕ ኬሊም በሩጫ ጨዋታ ዕውቀቱ የሚታወቅ ሰው ነው። ስለዚህ መልሱን ከዕውቀት ማነስ ላይ አልፈልገውም። የእኔ ግምት ይህ ነው፦ በእልህ ነው የተጫወቱት።

ወደኋላ ልመልስዎት። በ2021 ሚሺጋን ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 27 ሲያሸንፍ 297 ያርድ ሮጦበታል። ሃሳን ሃስኪንስ ብቻውን አምስት ታችዳውን አገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኦሃዮ ስቴት ላይ አንድ ስም ተለጠፈ፦ «ለስላሳ ናቸው፣ ጉልበት የላቸውም።» በ2022 45 ለ 23፣ በ2023 30 ለ 24 ተሸነፉ፣ ስሙም አልተፋቀም። ዴይ ይህ ነገር ውስጡ እንደገባ ያየነው በሴፕቴምበር 2023 ነው። ኖትር ዳምን በመጨረሻው ሴኮንድ 17 ለ 14 እንዳሸነፉ፣ ቡድኑን ጉልበት የለውም ብለው ለነቀፉት የቀድሞ አሰልጣኝ ለሉ ሆልትዝ በቀጥታ ስርጭት ላይ በቁጣ መለሰላቸው። ሰው በድል ሰዓት እንዲህ የሚቆጣው ነገሩ ሲያንገበግበው ነው። በ2024 ሚሺጋን ሲመጣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተሰደበበትን ነገር በዚያው በሚሺጋን ፊት፣ በዚያው በመሀል፣ በጉልበት ሊያስተባብል ፈለገ። እንዲህ ነው የማምነው። ውስጡ ገብቼ አላየሁም፣ ግን የጨዋታው ጥሪ፣ ማለትም የአሰልጣኙ ትዕዛዝ፣ ሌላ ትርጉም ሊሰጠኝ አልቻለም።

ሚሺጋን ደግሞ ይህን ነው የሚፈልገው። አቅሙ ትንሽ የሆነ ቡድን ጨዋታው እንዲያጥርለት ይፈልጋል። ኳሱን ይዞ ቀስ እያለ ይሮጣል፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ቡድን ኳስ የሚያገኝበት ጊዜ ያንሳል። ዕድሉ ባነሰ ቁጥር ጠንካራው ቡድን ብልጫውን የሚያሳይበት ጊዜም ያንሳል፣ አንዲት ስህተት ደግሞ ትገዝፋለች። ሙሊንግስ 32 ጊዜ ሮጦ 116 ያርድ አገኘ። ለዓይን ደስ አይልም፣ ግን ዓላማውን አሳካ። ኦሃዮ ስቴት በመሀል እየሮጠ ሰዓቱን ሲያቃጥል ለሚሺጋን ነው ያገዘው። በኔ እምነት የዚያ ቀን ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፣ ከተጠለፉት ኳሶችም ይበልጣል።

ወንድምዎ እዚህ ጋ ጣልቃ እንደሚገባ አውቃለሁ። «ታዲያ ጄይደን ፊልዲንግ ሁለቱን ቢያስገባ 16 ለ 13 አናሸንፍም ነበር?» ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው። ምቶቹ ከ34 እና ከ38 ያርድ ነበሩ፣ በዚህ ደረጃ ያለ መቺ ሊያስገባቸው የሚገባ ርቀት ነው። የሚሺጋኑ ዶሚኒክ ዝቫዳ በዚያው ቀን ከ54 ያርድ አስገብቷል። ስለዚህ መቺው ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ወንድምዎ የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ያ ኦፌንስ፣ በዚያ ሁሉ ተሰጥኦ፣ ከጎሉ 20 ያርድ አካባቢ ደርሶ ለምን ለመቺ እጁን ይሰጣል? መቺ የሚጠራው ኦፌንስ ሥራውን ሳይጨርስ ሲቀር ነው። ደግሞም አንድ ቡድን በ20 ነጥብ ያሸንፋል ተብሎ፣ የተማሪ እግር ላይ ዕጣ ፈንታውን ከጣለ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከመቺው በፊት ነው። አንድ ወጣት ተማሪ ላይ ከተማው ሁሉ ጣት ሲቀስርበት ማየት ከልቤ አሳዝኖኛል።

ሃዋርድስ? እሱም ጥሩ ቀን አልነበረውም። ከ33 ውርወራ 19 አሳካ፣ 175 ያርድ፣ ሁለት ጊዜ ተጠለፈ። «ውርወራው እንዲህ ከሆነ መሮጡ አይሻልም?» ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ውርወራ መቼ ነው የሚከብደው? ሁለቴ ሮጠው ሁለት ሁለት ያርድ ካገኙ በኋላ ሦስተኛው ሙከራ ላይ 6 ወይም 7 ያርድ ሲቀር ነው። ያኔ ዲፌንሱ ውርወራ እንደሚመጣ ያውቃል፣ ኳርተርባኩን ለመያዝ ያለ ሐሳብ ይሮጣል። በመጀመሪያው ሙከራ፣ ዲፌንሱ ሩጫ ሲጠብቅ መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው። ሃዋርድን በጣም አስቸጋሪው ሰዓት ላይ ብቻ እንዲወረውር አድርገውት «መወርወር አይችልም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

መጨረሻው እንደሚያውቁት ነው። 10 እኩል ሆነው ሚሺጋን ኳሱን ይዞ ወረደ፣ ሙሊንግስ በሦስተኛ ሙከራ 6 ያርድ ሲፈለግ 27 ያርድ ሮጠ፣ ዝቫዳ 45 ሴኮንድ ሲቀር ከ21 ያርድ አስገባ። ከዚያ ሚሺጋኖች ባንዲራቸውን ሜዳው ላይ ሊተክሉ ሲሉ፣ አትተክሉም በሚል ድብድብ ተነሳ፣ ፖሊስ በርበሬ ረጨ። ኮሎምበስ ውስጥ የዴይን መባረር ያልጠየቀ ደጋፊ ማግኘት ከባድ ነበር።

አሁን እስከዚህ ያልኩት ሁሉ ግምት ነው ቢሉኝ እቀበልዎታለሁ፣ ቀጥሎ የመጣው ባይኖር ኖሮ። የኮሌጁ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የአገሪቱ ዋንጫ የሚለይበት ውድድር፣ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድን ሆኖ ስለነበር ኦሃዮ ስቴት በ8ኛነት ገባ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያው ቡድን፣ ያው ኳርተርባክ፣ ያው የተጎዳ የፊት መስመር፣ ቴነሲን 42 ለ 17 አሸነፈ። ሃዋርድ 311 ያርድ ወረወረ፣ የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ 21 ለ 0 ነበሩ። ቀጥሎ ሮዝ ቦውል በሚባለው ጨዋታ ያኔ ሳይሸነፍ የመጣውን ኦሪገንን በሁለተኛው ሩብ 34 ለ 0 መሩት፣ 41 ለ 21 አለቀ። ስሚዝ ብቻውን 187 ያርድ ያዘ። ቴክሳስን 28 ለ 14፣ በመጨረሻም ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በአራት ጨዋታ 145 ነጥብ።

የተቀየረው ምንድነው? ሰው አልተቀየረም። የተቀየረው ኳሱ ቀድሞ የሚሄድበት ቦታ ነው። ቴነሲ ላይ ገና ከጅምሩ ወደ ስሚዝ ወረወሩ፣ ታችዳውን። ኦሪገን ላይም እንዲሁ። ዲፌንሱ ዳር ላይ ያሉትን ፈርቶ ሲበተን ደግሞ ያ ሩጫ የጠፋበት መሀል ተከፈተ። በፍጻሜው ኩዊንሾን ጀድኪንስ 11 ጊዜ ብቻ ሮጦ 100 ያርድ አገኘ። ሚሺጋን ላይ እሱና ትሬቬዮን ሄንደርሰን አብረው ያን ያህል አላገኙም። ጉልበተኛነታቸውን ሊያሳዩ ሲታገሉ ያጡትን ሩጫ፣ ቀድመው ሲወረውሩ አገኙት።

ለሚሺጋን ፍትሐዊ ልሁን። ከዚያ በኋላ ከተገናኟቸው ቡድኖች ውስጥ እንደ ግራምና ግራንት ያለ መሀል የነበረው አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚሺጋን ዲፌንስ ያን ቀን ድንቅ ተጫውቷል፣ ቀድመው ቢወረውሩም ጨዋታው ቀላል ይሆን ነበር አልልም። ግን ዜሮ ነጥብ በሁለተኛው አጋማሽ? አይመስለኝም።

የፍጻሜውን ያቺን አንድ ሙከራ ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ኖትር ዳም ከ31 ለ 7 ተነስቶ 31 ለ 23 ደርሷል፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው፣ ኦሃዮ ስቴት ሦስተኛ ሙከራ ላይ 11 ያርድ ይፈልጋል። ጥንቃቄ የሚወድ አሰልጣኝ ይሮጥና ሰዓት ያቃጥላል። እነሱ ግን ስሚዝን ብቻውን ከአንድ ተከላካይ ጋር አይተው ሃዋርድ ረጅም ወረወረለት፣ 56 ያርድ። ጨዋታው እዚያው አለቀ። ኖቬምበር ላይ ይህን ድፍረት ሩቡን እንኳ ቢያሳዩ ቤታችሁ ውስጥ ኩርፊያ አይኖርም ነበር።

ስለ ኢንዲያናው ጨዋታ፣ ማለትም ስለ ዲሴምበር 6 ቀን 2025፣ በአጭሩ። ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው፣ በሽታው ግን ሌላ ነው። ኬሊ ከፍጻሜው በኋላ ወደ ኤንኤፍኤል ሄዶ ነበር፣ ኳርተርባኩም ጁሊያን ሴይን ነበር። ከሳምንት በፊት በሚሺጋን ሜዳ አን አርበር ላይ ሚሺጋንን 27 ለ 9 አሸንፈው ያን የአራት ዓመት ዕዳ ከፍለዋል። በኢንዲያና ላይ ኦፌንሱ ያኔ የነበረበት እልህ የለም፣ ስሚዝንም አልረሱትም። ችግሩ ሁለት ነው። የፊት መስመሩ ሴይንን በደንብ አልጠበቀውም፣ በተደጋጋሚ ኳሱን ሳይወረውር ተያዘ። ሁለተኛው ደግሞ ጎሉ አፍ ላይ ደርሰው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው። አንዴ አራተኛ ሙከራ ላይ ትንሽ ርቀት ሲቀር ሴይን ራሱ ሊገፋ ሞክሮ፣ ዳኞቹ ቪዲዮ አይተው አልደረሰም አሉ። አንዴ ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፊልዲንግ ከ27 ያርድ ሳተ። 27 ያርድ በጣም ቅርብ ነው። ይህኛው ምት ከሚሺጋኖቹ ሁለቱ ይልቅ ያስቆጫል፣ ምክንያቱም ቢገባ 13 እኩል ይሆኑ ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ ወንድምዎ ከልጅዎ ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል፣ ምንም እንኳ የኢንዲያና ዲፌንስ ያን ቀን የሠራውን ሥራ ማሳነስ ባይገባም። ያው ኢንዲያና በኋላ ዋንጫውን ወስዷል።

ሁለቱ 13 ለ 10 አንድ ነገር እንዳልሆኑ ለሁለቱም ይንገሯቸው። በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ አብረዋቸው ሲያዩ አንድ ነገር ብቻ ይከታተሉ፦ የመጀመሪያውን ሙከራ። ኦሃዮ ስቴት ኳሱን ባገኘ ቁጥር በመጀመሪያ ሙከራው ምን ያደርጋል? ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ከዲፌንሱ ስንት ሰው መሀል ላይ ተሰብስቧል? ሰባት ወይም ስምንት ሰው መሀል ላይ ቆሞ ኦሃዮ ስቴት ወደዚያው ከሮጠ ይጻፉት። ሰው በትኖ ሲሮጡበትም ይጻፉት። ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀቱን ለሁለቱም ያሳዩአቸው፣ ልጅዎ «ኦፌንሱ» ሲል የትኛውን ጥሪ ማለቱ እንደሆነ በጣቱ እንዲያሳይ፣ ወንድምዎም ወደ መቺው ከመሄዱ በፊት ያን ወረቀት እንዲያነብ ይጠይቋቸው።